ሮቦቱ ዋሽቶ አያውቅም

ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጥገና ሱቄን የሚያጨናንቁት ቴሌቪዥን የተሸከሙ ደንበኞች ሳይሆኑ ሮቦት የታቀፉ ልጆች ናቸው። ሮቦት ስል በፊልም የምናየውን ሰው መሳይ ብረት ማለቴ አይደለም። ሁለት ቢጫ ሞተሮች፣ ሁለት ጎማዎች፣ ከፊት ሁለት ዓይኖች፣ መሃል ላይ ስምንት እግር ያላት ጥቁር አይሲ፣ ከሥር አራት የባትሪ ድንጋይ፤ በቃ ይኸው ነው። አካሉ አንዳንዴ የብስኩት ካርቶን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ከዘይት ጀሪካን የተቆረጠ ፕላስቲክ። ሞተሩ አዲስ ካልተገዛ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ከመጣ አሮጌ መጫወቻ የተፈታ ነው። ሥራውም አንድ ብቻ ነው፤ የእጅ ባትሪ ሲበራለት ብርሃኑን እየተከተለ መሄድ።

ልጆቹ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡትና «ጋሼ፣ አይሠራም» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ይህን መልስ አልቀበልም። ምን ያደርጋል? ይሽከረከራል? ብርሃን ሲያይ ይሸሻል? በእጅ ሲያነሱት ጎማው ዞሮ መሬት ሲነካ ይቆማል? ማታ ሠርቶ ቀን እምቢ ይላል? ጥያቄ ሲበዛባቸው አንዳንዶቹ ይሰለቻሉ። የመጡት ካቻቢቴ አንስቼ የሆነ ነገር እንድፈታላቸው ነዋ! እኔ ግን ምንም ሳልነካ ወለሉ ላይ አስቀምጬ እመለከተዋለሁ። እነሱም አብረውኝ ቁጢጥ ብለው እንዲመለከቱ አደርጋለሁ።

ሰው ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። እንዲህ ያለ ሮቦት ግን ሽቦው ካዘዘው በቀር አንዲት ነገር አያደርግም። የሚሽከረከረው አንድ ነገር ስላሽከረከረው ነው፤ የሚሸሸውም እንዲሸሽ ተደርጎ ስለተሠራ ነው፣ ሠሪው ባያውቀውም። ስለዚህ ጥፋት የምንለው እንቅስቃሴ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል። ይህን ሳይሰሙ ዕቃ መቀየር የጀመሩ ልጆች አንዱን ጥፋት ሦስት አድርገው ይመጣሉ፤ ያኔ ሮቦቱ የሚናገረውን ለመለየት እኔም እቸገራለሁ።

ዓይኑ እንዴት ያያል

የሮቦቱ ዓይን ኤልዲአር የምትባል፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ዕቃ ናት። ፊቷ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ይታያል፤ ብርሃን የሚሰማው ካድሚየም ሰልፋይድ የተባለው ውህድ ያለው እዚያ ነው። ፕላስም ማይነስም የላትም፤ እግሮቿን አገላብጠው ቢተክሏት ለውጥ የለውም። ሥራዋ እንደ ብርሃኑ መጠን ሬዚስታንሷን መለዋወጥ ነው። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ እስከ 1 ሚሊዮን ኦም ትደርሳለች። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ 10 ሺህ ኦም አካባቢ ትሆናለች። የቀትር ፀሐይ ሲያርፍባት ወደ ጥቂት መቶ ኦም ትወርዳለች።

ብርሃን በኤሌክትሪክ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳለው የታወቀው፣ ሲገርም፣ በብልሽት ፍለጋ መሃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1873 ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከባሕር በታች የሚዘረጋ የቴሌግራፍ ኬብል ለመፈተሽ የሴሊኒየም ዘንጎችን ይጠቀም ነበር። ዘንጎቹ ግን አልታመን አሉ። ያንኑ ዘንግ ሲለኩት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላል። ነገሩ ሲጣራ ዘንጎቹ የተቀመጡበት ሣጥን ክዳን ሲዘጋ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሲከፈት ይቀንሳል። ዘንጎቹ አልተበላሹም፤ ብርሃን እየተሰማቸው ነበር። ስሚዝ «የማይረባ ዕቃ» ብሎ በመጣል ፈንታ ልኬቱ መቼና እንዴት እንደሚዛባ አስተውሎ ጻፈ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። ዛሬ ልጆቹ ካርቶን ላይ የሚተክሏት ዓይን የዚያ ግኝት የልጅ ልጅ ናት።

ዓይኗ ብቻዋን ለሮቦቱ ምንም አትነግረውም። ከአንድ ቋሚ ሬዚስተር ጋር በተከታታይ ትታሰርና ዳርና ዳራቸው ከድንጋዩ ፕላስና ማይነስ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ የድንጋዩን 6 ቮልት ይካፈሉታል፤ ሬዚስታንሱ የበለጠው የበለጠ ይወስዳል። ሁለቱም 10 ሺህ ኦም ሲሆኑ መገናኛቸው ላይ 3 ቮልት ይለካል። ብርሃን ሲጨምር የዓይኗ ድርሻ ያንሳል፣ የመገናኛው ቮልትም አብሮ ይለወጣል። አይሲዋ፣ ብዙ ጊዜ ኤልኤም393፣ ከግራና ከቀኝ ዓይን የመጡትን ሁለት ቮልቶች እንደ ገበያ ሚዛን ታነጻጽራለች፤ ያጋደለውን አይታ አንደኛውን ሞተር እንዲነሳ፣ ሌላውን እንዲቆም ታዝዛለች። ትእዛዟ ሞተር ለማንቀሳቀስ አቅም ስለሌለው በመካከል ትራንዚስተር ይገባና የድንጋዩን ኃይል ወደ ሞተሩ ይለቃል። ዓይን፣ አይሲ፣ ትራንዚስተር፣ ሞተር፤ ሰንሰለቱ ይኸው ነው። ጥፋትም ከነዚህ በአንዱ ወይም በመገናኛቸው ላይ ነው የሚገኘው።

የክቡ መሃል የት ነው?

ከሁሉ የበዛው አቤቱታ «ይዞራል» የሚለው ነው። እሺ፣ ይዞራል፤ ግን ምን ዓይነት ክብ እየሠራ ነው? ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ የክቡ መሃል የት ላይ እንደሚውል እንዲያሳዩኝ አዛቸዋለሁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ዕቃ ከመፍታት ታድናለች።

መሃሉ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከሆነ፣ ማለትም ሮቦቱ ባለበት እንደ ቆመ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጤነኛ ናቸው። አንደኛው ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ እየዞረ ነው ማለት ነው። የአንዱን ሞተር ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል። ቢጫዎቹ ሞተሮች ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚገጠሙ ሁለቱን በአንድ ዓይነት የሽቦ ቀለም ያሰረ ልጅ ይህ ይደርስበታል።

መሃሉ አንደኛው ጎማ ላይ ከዋለ ያ ጎማ ቆሟል። ለምን ቆመ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ ሞቶ ይሆናል፣ ሽቦው ተበጥሶ ይሆናል፣ ወይም ዓይኑ «ቁም» እያለው ይሆናል። ሞተሩን ከሰርኪዩቱ ነጥሎ በቀጥታ ድንጋይ ማስነካት የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ወዲያው ይቆርጠዋል። ዞረ? እንግዲያው ሞተሩን እርሱት፣ ወደ ዓይኑ በኩል ተጠጉ።

መሃሉ ደግሞ ከሮቦቱ ውጪ ራቅ ብሎ ከሆነ፣ ሮቦቱ ሰፊ ክብ እየሳለ ከሄደ፣ ሁለቱም ጎማዎች ይሠራሉ፤ አንዱ ብቻ ይሰንፋል። እዚህ ላይ ነው የመለዋወጥ ሙከራ የሚጠቅመው። የግራውን ዓይን ከቀኙ ጋር ቦታ አቀያይሩና እንደገና ልቀቁት። ክቡ አቅጣጫውን ከቀየረ ችግሩ ከዓይኗ ጋር አብሮ ተዛውሯል፤ ከአንድ ጥቅል የወጡ ኤልዲአሮች እንኳ እኩል አይደሉም። ክቡ እንዳለ ከቆየ ግን ጥፋቱ ከዓይኗ ወዲህ ነው፤ ሬዚስተሩ፣ ትሪመሩ (በካቻቢቴ የሚስተካከለው ሬዚስተር) ወይም ጥርሱ የተያዘ ሞተር። ትሪመር ያለው ሮቦት ከሆነ ሁለቱን ዓይኖች እኩል ብርሃን ፊት አቁሞ በትንሿ ካቻቢቴ ቀስ እያሉ ማመጣጠን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ብርሃን የሚፈራው

አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ሮቦት ብርሃን ይፈራል» ብሎ አምጥቶልኝ ነበር። የስልኩን መብራት ባሳየው ቁጥር ፊቱን አዙሮ ጥግ ይፈልጋል። ልጁ ተናዷል። እኔ ግን ሮቦቱን ወደድኩት፤ ምክንያቱም እንዲህ በጽናት የሚሸሽ ሮቦት አንድም የተበላሸ ዕቃ የለውም። ዓይኑ ያያል፣ አይሲዋ ትለያለች፣ ሞተሩ ይታዘዛል። የተገለበጠ ነገር ብቻ አለ።

ብርሃን ከግራ ሲመጣ ሮቦቱ ወደ ግራ እንዲዞር መሥራት ያለበት የቀኝ ጎማ ነው። ስለዚህ የግራ ዓይን የቀኙን ሞተር፣ የቀኝ ዓይን የግራውን ሞተር ማስነሳት አለባት፤ ሽቦው ይሻገራል ማለት ነው። ሳይሻገር በየወገኑ ከታሰረ ሮቦቱ ይሸሻል። ነገር ግን መገልበጫው ይህ ብቻ አይደለም። ዓይኗ በፕላስ በኩል መሆን ሲገባት በማይነስ በኩል ከታሰረች ነገሩ ይገለበጣል። የአይሲዋ ሁለት መግቢያዎች ከተቀያየሩም ይገለበጣል። ከሦስቱ አንዱ ሲገለበጥ ሮቦቱ ይሸሻል፤ ሁለቱ ሲገለበጡ እርስ በርስ ይተራረሙና ሮቦቱ ደህና ይሄዳል። በችኮላ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያቀያየረ ልጅ «ምንም ለውጥ የለም» ብሎ የሚማረረው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ካልሆነ ወደ ቦታው መልሱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ይህን የመሻገርና ያለመሻገር ጉዳይ አንድ ትልቅ ሰው መጽሐፍ ጽፎበታል። ቫለንቲኖ ብራይተንበርግ የተባለው የአንጎል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «ቪሂክልስ» በተባለ መጽሐፉ በሐሳብ ብቻ የተሠሩ ትናንሽ ተሽከርካሪዎችን ይገልጻል። ዓይኖቻቸው ከሞተሮቻቸው ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው፤ ብርሃን ሲጨምር የሞተሩ ፍጥነት ይለወጣል። ብርሃን የሚያፈጥነው ሆኖ ሽቦው ካልተሻገረ ተሽከርካሪው ይሸሻል፤ ፈሪ ይለዋል። ከተሻገረ ወደ ብርሃኑ እየፈጠነ ሄዶ ይላተማል፤ ይህ ተደባዳቢው ነው። ብርሃን የሚያቀዘቅዘው ሆኖ ሽቦው ካልተሻገረ ቀስ እያለ ይጠጋና ብርሃኑ ፊት ይቆማል፤ ይህን አፍቃሪ ይለዋል። አራተኛው፣ የሚያቀዘቅዘውና የተሻገረው፣ ብርሃኑ አጠገብ ዘግየት ብሎ ፊቱን ያዞርና ሌላ ብርሃን ፍለጋ ይሄዳል። አይሲ ሳይኖረው በትራንዚስተር ብቻ የተሠራ ሮቦት ያለው ልጅ አራቱንም ጠባይ በሽቦ ማቀያየር ብቻ ሊያያቸው ይችላል። ያ ፈሪ ሮቦት የነበረው ልጅ ይህን ስነግረው ማስተካከሉን ትቶ ሌላ አንድ ልሥራ ብሎ ሄደ፤ አንደኛው የሚያባርር፣ ሌላው የሚሸሽ።

በነሐሴ ሠርቶ በመስከረም የሚታወረው

በነሐሴ ደመና ሥር ግቢ ውስጥ ሸጋ ሆኖ የሄደ ሮቦት መስከረም ሲጠባና ፀሐይ ስትወጣ ግራ ይጋባል። ልጁ ድንጋይ ይቀይራል፣ ዓይን ይቀይራል፣ ለውጥ የለም። ምክንያቱ የብርሃኑ ብዛት ነው። ክፍል ውስጥ ያለው የመብራት ብርሃን፣ በብርሃን መለኪያው በሉክስ፣ በመቶዎች ይቆጠራል፤ የጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ ግን 100 ሺህ ሉክስ ይደርሳል። የሰው ዓይን ልዩነቱን ስለሚያቻችለው አይታወቀንም። ኤልዲአር ግን አታቻችልም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ደብዘዝ ባለ ክፍል አንዷ ዓይን 10 ሺህ፣ ጥላ ያረፈባት ሌላዋ 13 ሺህ ኦም ናቸው እንበል፤ ቋሚው ሬዚስተር 10 ሺህ ነው። በ6 ቮልት የሁለቱ መገናኛዎች 3 እና 2.6 ቮልት ገደማ ይሆናሉ። ልዩነቱ 0.4 ቮልት ነው፤ አይሲዋ ያለ ችግር ትለየዋለች። አሁን ፀሐይ ላይ አውጡት። አንዷ 300፣ ሌላዋ 400 ኦም ሆኑ። መገናኛዎቹ 5.83 እና 5.77 ቮልት ናቸው። በዓይኖቹ መካከል ያለው ልዩነት በመቶኛ ሲሰላ ከቅድሙ አላነሰም፤ ወደ ቮልት ሲለወጥ ግን 0.06 ብቻ ቀረ። ሞተሩ የሚፈጥረው ትንሽ ረብሻ ይህን ይውጠዋል። መፍትሔው የአንድ ሬዚስተር ለውጥ ነው። በ10 ሺሁ ቦታ 1 ሺህ ኦም ብትተኩ መገናኛዎቹ 4.6 እና 4.3 ገደማ ይሆናሉ፤ ልዩነቱ አምስት እጥፍ አድጎ 0.3 ቮልት ደረሰ። ደንቡ አጭር ነው፤ ቋሚው ሬዚስተር ሮቦቱ በሚጫወትበት ብርሃን ዓይኗ ካላት ሬዚስታንስ ጋር ይቀራረብ።

ቀጥሎ ዓይኖቹን ጥላ ማልበስ ነው። ያለ ጥላ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ሰማይ፣ አንድ መስኮት ነው። የእስክሪብቶ ክዳን ጫፉን ቆርጦ ማልበስ፣ ወይም ጥቁር ናስትሮ እንደ ቱቦ መጠቅለል፣ ከዚያም ሁለቱን ወደ ውጪ ትንሽ ዘንበል አድርጎ መሃላቸው ላይ የጥቁር ካርቶን ግድግዳ ማቆም። ነጭ ፕላስተር አይሆንም፤ ብርሃን ያሳልፋል። ሌላም ነገር አለ። ብዙ ልጆች ሮቦቱ መብራቱን ለማሳየት ከፊቱ ቀይ ኤልኢዲ ይተክላሉ። አጠገቧ ያለችው ዓይን ታዲያ ቀኑን ሙሉ የምታየው ያንን ነው። ናስትሮ ለጥፋችሁ ሸፍኑትና ጠባዩ ከተለወጠ መልሱን አገኛችሁ።

በዚህ የራስ መብራት ጉዳይ ታሪክ ውስጥ ስመ ጥር የሆኑት «ኤሊዎች» የተባሉት የብሪስቶል ሮቦቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ፣ በርደን በተባለው የነርቭ ጥናት ተቋም ይሠራ የነበረው ግሬይ ዋልተር፣ ኤልመር እና ኤልሲ የተባሉ ሁለት ብርሃን ተከታይ ሮቦቶች ሠራ። ትራንዚስተር ገና ገበያ ላይ ስላልነበረ የእያንዳንዳቸው አንጎል ሁለት የሬዲዮ ቱቦ ነበር። ሁለት ሞተር፣ አንድ ዓይን፣ ሲጋጩ የሚሰማ ቅርፊት፤ ሌላ ነገር የላቸውም። ለዘብ ያለ ብርሃን ሲያዩ ይጠጋሉ፣ ሲበረታባቸው ይሸሻሉ፣ ባትሪያቸው ሲደክም ግን ያን ብርቱ ብርሃን መፍራት ይተዉና መብራት ወዳለበት ቤታቸው ገብተው ይሞላሉ። ፊታቸው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል የመሪው ሞተር መሥራቱን እንድታሳይ ብቻ የተተከለች ነበረች። መስታወት ፊት ሲቆሙ ግን የራሳቸውን አምፖል ያያሉ፣ ሲያዩ መሪው ይቆማል፣ አምፖሉ ይጠፋል፣ ሲጠፋ እንደገና ይፈልጋሉ፤ እንዲህ እየተርገበገቡ መስታወቱ ፊት ይጨፍራሉ። ዋልተር ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም፤ እንስሳ እንዲህ ቢያደርግ ራሱን ያውቃል እንል ነበር ብሎ ተመራመረበት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቶሎ ቶሎ ጥገና ይፈልጉ ስለነበር ቡኒ ዋረን የተባለ የተቋሙ ቴክኒሻን በኋላ ጠንካሮቹን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ለንደን በተደረገው ትልቅ የብሪታንያ ፌስቲቫል ለሕዝብ የታዩት እነዚህ ናቸው።

ሲያነሱት የሚዞር፣ ሲያስቀምጡት የሚቆም

ይህ የድንጋይ በሽታ ነው። ልጁ ድንጋዩን በቴስተር ለክቶ «9 ቮልት አለው» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አለው፤ ሥራ ሳይኖረው። ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ ውስጡ ስድስት ደቃቃ ባለ 1.5 ቮልት ክፍሎች የተደረደሩበት ነው። ለጭስ ጠቋሚ፣ ለቴስተር ይሆናል፤ ለሁለት ሞተር ግን አቅም የለውም። ቢጫው ሞተር ጎማው አየር ላይ ሲዞር ከ200 ሚሊአምፔር በታች ይበቃዋል። ጎማው ሲያዝ ግን ወደ 1 አምፔር ሊጠጋ ይችላል፤ ከቆመበት ሲነሳም ለቅጽበት ያንኑ ያህል ይስባል። ያኔ የድንጋዩ ቮልት ይወድቃል።

ስለዚህ ድንጋይ የሚለካው በሥራ ላይ ሳለ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ድንጋዩ ላይ አድርጋችሁ፣ አንድ ሰው ጎማውን በጣቱ ለአፍታ ይያዝ። ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከቆመ ደህና ነው። ወደ ግማሽ ከወረደ ድንጋዩን ቀይሩ፤ አራት አልካላይን የእስክሪብቶ ድንጋይ ይሻላል። በቻርጅ የሚሞሉት እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት ስለሆኑ አራቱ 4.8 ብቻ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ሲጫኗቸው ከተራው ድንጋይ የበለጠ ይጸናሉ።

ድንጋይ ሲደክም የሚመጣው መንቀጥቀጥም አለ። ሞተሩ ይነሳል፣ ቮልት ይወድቃል፣ አይሲዋ ትስታለች፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ቮልት ይመለሳል፣ ሞተሩ እንደገና ይነሳል። ልጆቹ «ይንዘፈዘፋል» ይሉታል። ድንጋዩ አዲስ ሆኖም ከቀጠለ ተጠርጣሪው ሞተሩ ውስጥ ያለው የብሩሽ ብልጭታ ነው። 104 የሚል የተጻፈባትን ትንሽ ካፓሲተር በሞተሩ ሁለት እግሮች ላይ ሶልደር ማድረግ ያረጋጋዋል። ለሞተርና ለአይሲ የተለያየ ድንጋይ የሚያደርጉም አሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የሁለቱ ማይነስ መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ትእዛዙ የሚመለስበት መንገድ የለውም፤ ሮቦቱ እንደ ፈለገው ይሆናል።

በአንድ ቁጥር የተለየችው

ከመጡልኝ ሁሉ ይበልጥ የተመራመርኩበት የአንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሮቦት ነው። የቀኝ ጎማው አይነቃነቅም። ልጅቱ ግን ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ያየችውን ደብተሯ ላይ ጽፋ ነበር። ሞተሩን በቀጥታ ድንጋይ ስታስነካው ዞሯል። ዓይኖቹን ስትቀያይር ለውጥ የለም።

«እንግዲህ ከሁለቱ መሃል ለኪ» አልኳት። የአይሲዋ መውጫ ላይ ቴስተሩን ያዘች፣ እኔ ደግሞ የሮቦቱን ዓይን በእጄ እየሸፈንኩ ገለጥኩ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ አለ። አይሲዋ ታዝዛለች፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ሮቦቱ ግን ቆሟል።

«ስለዚህ ይቺ ናት፣ ጋሼ» ብላ ትራንዚስተሯን ነካቻት።

ልክ ናት። ነገር ግን ትራንዚስተሯ አዲስ ናት፤ በቴስተር ስትለካም አልተቃጠለችም። ጽሑፏ አይታይም ነበርና ጠመኔ አሸሁባትና ጠረግሁት፤ ጭረቱ ውስጥ የቀረው ነጭ ዱቄት ፊደሉን አወጣው። ኤስ8050 ትላለች። የግራዋ ኤስ8550 ናት። በመልክ፣ በመጠን፣ በእግር አደራደር አንድ ናቸው፤ ዓይነታቸው ግን ይለያል፣ ኤስ8050 ኤንፒኤን፣ ኤስ8550 ፒኤንፒ ናት። በዚህ ሰርኪዩት ላይ ፒኤንፒዋ መሠረቷ (ቤዝ የሚባለው እግሯ) ወደ ማይነስ ሲሳብ ትከፈታለች፤ ሌላዋ ጨርሶ አትከፈትም። የሸጠላት ሰው ሁለቱንም ከአንድ መሳቢያ ነው የሰጣት። ቴስተሩን በዳዮድ ቦታ ላይ አድርጎ ቀዩን ጫፍ መሠረቷ ላይ፣ ጥቁሩን በሁለቱ እግሮች ላይ በየተራ ሲያሳርፉ 0.6 ወይም 0.7 ካነበበ ኤንፒኤን ናት፤ ያነበበው ጥቁሩ መሠረቷ ላይ ሲሆን ከሆነ ፒኤንፒ። ልጅቱ ይህንንም ጽፋ ያዘችው።

ልብ በሉ፣ ጥፋቱን ያገኘችው እሷ ናት። ስለ ኤንፒኤንና ፒኤንፒ አታውቅም ነበር፤ ነገር ግን ሰንሰለቱን ከመሃል ቆርጣ ግማሹን ነጻ አወጣች፣ ከቀረው ግማሽ ደግሞ እንደገና ግማሹን። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ምንነቱን የማያውቀውን ጥፋት እንኳ የት እንዳለ ያገኘዋል። ሌላው ዘዴ ዕቃዎቹ ያለ ሶልደር የተሰኩበትን ሰሌዳ፣ ብሬድቦርዱን፣ ነካ ነካ ማድረግ ነው፤ ሮቦቱ ለጊዜው ይነሳና ማታ ቤት ሲደርስ ተመልሶ ይቆማል። በነገራችን ላይ አንዳንድ ረጃጅም ብሬድቦርዶች የፕላስና የማይነስ መስመራቸው መሃል ላይ የተቋረጠ መሆኑን የማያውቅ ልጅ ብዙ ነው። ቀዩ ቀለም መሃል ላይ ክፍተት ካለው መስመሩም እዚያ ይቋረጣል፤ በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው።

ወላጆች ግን ሌላ ጥያቄ አላቸው። «ለልጄ የትኛውን ሮቦት ልግዛለት?» ይሉኛል። መጀመሪያ ቴስተር ግዙለት እላለሁ፤ ተራው ይበቃል። ከጎኑም ደብተርና እርሳስ። ለምን ሮቦቱን አይሆንም ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ሮቦት ያለ ቴስተር የተሰጠው ልጅ ሮቦቱ ሲቆም ወደ እኔ ይመጣል። ቴስተር ያለው ልጅ ግን ከመርካቶ በለቀማቸው ሞተሮችና ሁለት ዓይኖች ሮቦቱን ራሱ ይሠራል፣ ሲቆምበትም ራሱ ያስነሳዋል። የቤቱ ሬዲዮ አንድ ቀን ድምፁ ሲጠፋም ከኋላ ከፍቶ መሃሉን ይለካል። እኔ ደንበኛ አጣሁ ብዬ አልከፋም፤ ክረምት ላይ ባንኮኒዬ በቂ ሥራ አለው።